«አዎ ቲቸር» ሲሉኝ

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ወላይታ፣ ሁምቦ ስመደብ የደብረ ብርሃን ካፖርቴን ለብሼ ነበር የሄድኩት። ከመኪና እንደወረድኩ ሙቀቱ ሲቀበለኝ አውልቄ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት፤ ዳግም አልለበስኩትም።

የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ተሰጠኝ። ሰሌዳው ላይ ክብ እየሣልኩ፣ በባለቀለም ጠመኔ እየከፋፈልኩ ክፍልፋይ አስተማርኩ። «ገባችሁ?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር» ይላል። ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። ፈተናውን ሳርም ግን አብዛኞቹ አንድ አራተኛ ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል ብለው ቁጭ አሉ።

የሒሳብ መምህራን ተጠሪው ጡረታ የተቃረቡ የአገሩ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ክፍሌ ገብተው እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ከኋላ ተቀምጠው ክፍለ ጊዜውን እስከ ደወል ተከታተሉ። ስንወጣ መጀመሪያ ሥዕሌን አመሰገኑ።

«ልጄ፣ ገባችሁ ወይ አትበያቸው» አሉኝ ቀጥለው። «እዚህ ልጅ ለታላቁ አልገባኝም አይልም፤ ነውር ነው። አንዷን አስነሺና ለጓደኞቿ ታስረዳ፤ በቤቷ ቋንቋ።»

ወላይትኛ እንደማልሰማ ነገርኳቸው።

«ባትሰሚም ግድ የለም። ፊታቸውን እዪ።»

በማግስቱ አንዲት ዝምተኛ ልጅ አስነሣሁ። መጀመሪያ መሬት መሬት እያየች አንሾካሾከች። ቆይቶ ድምፅዋ ወጣ፤ እጇ ተፈታና አየር ላይ የሆነ ነገር ትቆራርስ ጀመር። ክፍሉ አውካካ። ምን እንዳለች ስጠይቅ ጓደኛዋ ተረጎመችልኝ፦ ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ቀቅለው ለሦስት ሊካፈሉ ሲሉ ታላቅ ወንድሟ ከተፍ ይላል፤ አራት ሲሆኑ የእሷ ድርሻ ያንሳል። ግድግዳው ጥግ ያሉት ግን ገና ግራ እንደገባቸው ፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ለእነሱ ሌላ ልጅ አስነሣሁ።

ትንሽ ቆይቶ ጋሼ ራሳቸው መጡና በአዲሱ መጽሐፍ የገባውን አንድ ምዕራፍ እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። ይህን ያህል ዘመን አስተምረው «ይህቺ አልገባችኝም» ሲሉ ቅንጣት አላፈሩም። ያን ቀን ወደድኳቸው።

ከዓመታት በኋላ ወደ ሶዶ ከተማ ስዛወር ልምድ አለኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት። የከተማ ልጆች ግን ሌላ ናቸው። የቤት ሥራ ልሰጥ ስል «ቲቸር፣ አልገባንም፣ ይደገም» ይላሉ። እደግማለሁ። ደወል ይደወላል። ሳምንቱን እንዲህ ተጫወቱብኝ።

በመጨረሻ ከሁሉም ጮክ ብሎ «አልገባኝም» ላለው ልጅ ጠመኔውን ሰጠሁት። ማስመሰሉን ረስቶ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ቅልጥፍ አድርጎ ሠራው። ጓደኞቹ ጉዳቸውን ስላወጣባቸው አጉረመረሙበት። እኔም ስቄ የቤት ሥራውን ሰጠኋቸው።