ማህተም ያረፈባቸው ቀሚሶች

ልጄ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የልብስ ንድፍ ተምራ የወጣችው በደርግ ጊዜ፣ መሥሪያ ቤቶች አዲስ ሰው መቅጠር ባቆሙበት ወቅት ነበር። የምንኖረው ገርጂ ነው፤ ያኔ አብዛኛው ገና የእርሻ መሬት ነበር። ጠዋት እስከ መገናኛ በእግሯ ሄዳ አውቶቡስ ትይዛለች። አንድ ዓመት ሙሉ የሥራ ፈላጊ ካርዷን ስታሳድስ ከረመች። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለተማርኩ በሥራዋ የምረዳት ነገር አልነበረም። ጫማዋን እወለውልላታለሁ፤ ከሄደች በኋላ እስክትመለስ እጨነቃለሁ።

አንድ ማክሰኞ ቦሌ መንገድ አጠገብ ካለ የልብስ ስፌት ድርጅት ፊቷ በርቶ መጣች። የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ሴትዮ ሁለት ሥራዋን አይተው፣ "እውነት አንቺ ነሽ የሳልሽው?" አሏት። ከዚያ ሐሙስ ሰባት ንድፍ ይዛ እንድትመለስ ነገሯት። እሷ ልቧ የያዘው "ተመለሺ" መባሏን ነው። እኔን ግን ያ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። ሴትየዋ ባያምኗትስ?

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰባቱን ጨርሳ ፀጉሯን ልትሠራ ጎረቤት ሄደች። እኔ ንድፎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቀበሌ ወሰድኳቸው። ያን ጊዜ ያለ ቀበሌ ማህተም ስኳር እንኳ አይሸጥልንም፤ የሚታመን ወረቀት ማህተም ያለበት ብቻ ነበር።

ጸሐፊው አንድ በአንድ ገለጣቸው።

"ምን ላድርግልዎት፣ እናታችን?"

"የልጄ የእጅ ሥራ መሆኑ ይረጋገጥልኝ።"

"ቀሚስ ላይ ማህተም መትቼ አላውቅም።"

"ቀሚስ አይደለም፣ ወረቀት ነው። ስትስል በዓይኔ አይቻለሁ።"

ሳቀ። ቢሆንም ልጄን ከሕፃንነቷ ስለሚያውቃት መታልኝ። ሰባቱም ላይ፣ ልክ ደረታቸው ላይ፣ ክብ ሐምራዊ ማህተም አረፈ። አመስግኜ ወጣሁና ጥቅልሉን ቦታው መለስኩት።

ሐሙስ ጠዋት ልትወጣ ስትል ፈትታ አየችው።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽ?"

"አረጋገጥኩልሽ።"

አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። በላጲስ ልታነሳው ሞከረችና ወረቀቱ ሲላጥ ተወችው። እንደገና ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረ እንዳሉ ጠቅልላቸው ወጣች። ያኔ ነው ያጠፋሁት የገባኝ። "አልሄድም" ብላ ከመንገድ እንዳትመለስ ፈርቼ ነጠላዬን አንስቼ ተከተልኳት።

በሩ ላይ ዘበኛው፣ "እርስዎም ሊቀጠሩ ነው፣ እናቴ?" አለኝ።

"እኔ አጃቢ ነኝ" አልኩት። እሷን አስገብቶ እኔን አስቀረኝ። አጥሩ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ።

የሆነውን በኋላ ነገረችኝ። ኃላፊዋ ንድፎቹን ዘርግተው፣ "እነዚህን የነደፏቸው የቀበሌው ሊቀመንበር ናቸው?" ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጄ፣ "እናቴ ናት ያስመታችው። የእኔ መሆኑን እንዳይጠራጠሩ ብላ ነው" አለች። ሴትየዋ መሳቃቸውን ትተው ባዶ ወረቀትና እርሳስ ሰጧት።

"እንግዲያው አንዱን እዚህ ቁጭ ብለሽ ድገሚልኝ።"

እጅጌው ተበላሽቶባት ደምስሳ እንደገና ሠራችው። ስትጨርስ ኃላፊዋ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩና፣ "ቅጥር የለም፣ ዝግ ነው። ልምምድ ከፈለግሽ ሰኞ ነዪ። ደመወዝ ግን የለውም" አሏት።

ስትወጣ መጀመሪያ የጠየቅኋት፣ "ደብዳቤ ሰጡሽ?" ብዬ ነው።

"ደብዳቤ የለውም፣ እማዬ። በቃል ነው።"

"ሳይቀጥሩሽ ልትሠሪላቸው ነው?"

"ከቤት ከመቀመጥ ይሻላል።"

ክፍት ቦታ ተገኝቶ በጊዜያዊነት የቀጠሯት ልምምድ በጀመረች በሰባተኛው ወር ነው። እስከዚያ ድረስ ጎረቤት "ልጅሽ ሥራ አገኘች?" ሲለኝ "ገብታለች" እላለሁ። ደመወዝ የለውም ብዬ ግን አልጨምርም ነበር።