ቀይ ሥሩን ማንም አልሰረቀም

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ አልተናገርኩም። ለሚስቴም አልተናገርኩም። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ጉዳይ ሳጣራና ለጋዜጣ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ የራሴን አንድ ጉዳይ ግን አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም። ዛሬ እናንተን አንባቢዎቼን እንደ ነፍስ አባት ቆጥሬ እናገራለሁ። የማውቀውን አውቃለሁ እላለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ከዚያ ያለፈ ማሳመሪያ የለኝም።

ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት በጃንሆይ ዘመን አስተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ከቡሬ ወጣ ብሎ በአንድ የገጠር ደብር አጠገብ የተከፈተ፣ ጣሪያው ሳር የሆነ ቤት ነው። ከትምህርት ቤቱ በታች ወንዝ አለ፣ ወንዙ ዳር ደግሞ በበጋም ውኃ የማይጠፋው መሬት ነበር። የእርሻ ትምህርት አስተምር ስለ ነበር ከፍኖተ ሰላም የቀይ ሥር ዘርና ለማሳያ የሚሆን ጥቂት ሥር አመጣሁ። በዚያ አገር ድንች ይታወቃል፣ ጎመንና ሽንኩርት ይታወቃል፤ ቀይ ሥር ግን ማንም አያውቅም።

የልጆቹን አባቶች ሰበሰብኩና ተናገርኩ። ሐምሌና ነሐሴ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ገና አረንጓዴ የሚሆንበት ጊዜ ነው። "ይህን ጥር ላይ ዘርተን ግንቦት ላይ እንነቅለዋለን፤ ጉድጓድ ገብቶ ለፍልሰታ ይደርስላችኋል" አልኳቸው። ይደርስላችኋል ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

የደብሩ ቄስ መምሬ ይስማው አንዱን ቆርጬ ሳሳያቸው ፈገግ አሉ።

"ልጄ፣ ይህ ደም የመሰለ ነገር በጾም ይበላል?"

"ሥር እኮ ነው መምሬ። ከጎመን በምን ይለያል?"

"እንግዲያ ድስታችንን ያየ ጎረቤት በፍልሰታ ፍየል አረዱ እንዳይለን፣ አንተው በየቤቱ ዞረህ አስረዳልን።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁም ስምምነት ሆነ። ድንች ይተክሉበት የነበረውን መሬት ለእኔ ዘር ለቀቁልኝ። በደቦ ቆፈሩት፣ ፍግ አለበሱት፣ ከወንዙ ቦይ ጠልፈው አጠጡት። የቀይ ሥር ዘር ከአንዱ ፍሬ ሁለትም ሦስትም ቡቃያ ያወጣል፤ ካልሳሳ ሥሩ አይወፍርም። መሳሳቱ ለገበሬው ከበደው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ ጥሩነህ ከመደቡ ዳር ቁጭ ብለው፣ "እግዜር ያበቀለውን እኔ ልንቀለው? ኃጢአቱ በእርስዎ ይሁን መምህር" አሉኝ። "በእኔ ይሁን" አልኳቸው። የነቀሉትን ቡቃያ ለጎመን ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ።

አያ ጥሩነህ ዕድሜያቸው ከእኔ በእጥፍ የሚበልጥ፣ ዝምተኛ፣ የተሰጣቸውን ነገር አጥብቀው የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው አትጠገብ በዕድሜ የእኔ እኩያ ትሆናለች፤ አንደበቷ ስል ነበር። ስለ እነርሱ ከዚህ በላይ የማውቀው ጥቂት ነው። ያንን ሁሉ ያደረግኩባቸውን ሰዎች በቅጡ አላውቃቸውም ነበር።

ግንቦት ላይ ነቀልነው። ሥሩ ጡጫ ያክላል፤ ሰው ደስ አለው። ለመቅመስ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ወሰደ፣ የተረፈው ሁሉ በትምህርት ቤቱ ግቢ ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ ሊገባ ሆነ። ከዚህ በኋላ ያለውን አንድ በአንድ ልናገር። ሥሩ ከነአፈሩ ሊገባ ሲል "ቆሽሾማ አይገባም" ብዬ ወንዝ ወርዶ እንዲታጠብ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እርጥበቱ በቅጡ ሳይደርቅ ያስከተትኩት እኔ ነኝ። የጉድጓዱን አፍ እንደ ጎተራ በእበትና በጭቃ ጥርቅም አድርጌ ያስመረግኩት እኔ ነኝ። ማንም አልተቃወመኝም፤ በዚያ አገር ማከማቸት ማለት እህል ማከማቸት ነው፣ እህል ደግሞ ነፋስ ካልገባው አይነቅዝም። ሥር ግን እህል አይደለም። ከተነቀለም በኋላ ይተነፍሳል። ይህን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ክረምት ገባ፣ ትምህርት ተዘጋ፣ እኔ ግን መንገዱ ጭቃ ስለ ነበር እዚያው ቀረሁ። የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት የሰኔ ጾም ተፈታ። አያ ጥሩነህ በጠዋት መጥተው፣ "መምህር፣ ዛሬ ላስቀድስ፤ ከዚያም ዘመድ ጋ ጾም እንድፈታ ጠርተውኛል። ግቢው አደራ" ብለውኝ ሄዱ። ቀበሌው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ ሥሩ እንዴት እንደ ሰነበተ ለማየት ምርጊቱን በአንድ ጎን ፈለቀቅኩት።

ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ። ከላይ ያለው ሁሉ ሟሙቷል፤ እጄን ስሰድ እንደ ገንፎ ተቀበለኝ። ወደ ታች ስሄድ ግን ደህና ነበር። ይህን ልደብቀው እችል ነበር፤ ማንም አላየም። ከግማሽ የማያንሰው ለቅሞ ለማድረቅ የሚሆን ደህና ሥር ነበር። ያን ቀን ሰው ጠርቼ "ተሳስቻለሁ፤ የተረፈውን እናውጣ" ብል ኖሮ ምን ይደርስብኝ ነበር? ይስቁብኝ ነበር። መምሬ ይስማው አንድ ተረት ይተርቱብኝ ነበር። ሌላ ምን?

እኔ ግን መሳቂያ መሆን አልፈለግኩም። በቅርጫት እየተመላለስኩ የበሰበሰውንም ደህናውንም ወንዝ ውስጥ ደፋሁት። ደህናውን የደፋሁት "ቀሪውስ?" ተብዬ እንዳልጠየቅ ነው። በረሃብ ወር የሰው ምግብ ደፋሁ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ የጣልኩለትን ሁሉ ይዞት ሄደ። የጉድጓዱን አፍ እንደ ነበረ መልሼ መረግኩት። እጄ እስከ ክርኔ ቀልቶ ነበር፤ ታጠብኩት። በማግስቱ ጠዋት ንጹሕ ነበር። ይህችን ያዙልኝ፤ የበደሌ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። በማግስቱ እጄ ንጹሕ ነበር።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል ሰው ድርሻውን ሊወስድ መጣ፤ ጉድጓዱ ተከፈተ። ባዶ። አንዲት ሴት ልጇን እንዳዘለች "እና ወዴት ሄደ?" አለች፣ ስለ ሰው የምትጠይቅ ይመስል። ቀድሞ የተናገረው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ "ሌባ" የሚለው ቃል ግን ከእኔ አፍ አልወጣም። ይህን የምለው ለመከላከያዬ አይደለም። ቃሉን ሌላ ሰው ስለተናገረልኝ እፎይ እንዳልኩ እንድታውቁ ነው።

አፈርሳታ ተጠራ። አፈርሳታ ሌባ ሲጠፋ የቀበሌው ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የማይመለስበት ሸንጎ ነው። ያየ የሰማ ካለ ለሽማግሌዎች በስውር ይናገራል፤ ነጋሪውን ማንም ስሙን አይጠራውም፣ "ወፍ" ይሉታል። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጤፉ ገና ያልተዘራለት ሰው አለ፣ አረም የሚጠብቀው ሰው አለ። ሁሉም የሚፈልገው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። የቀበሌው አለቃ ጭቃ ሹሙ ምርጊቱ ተመልሶ መመረጉን አነሱና፣ "የሩቅ ሌባ ሰርቆ አይመርግም፤ ይህ ግቢውን የለመደ ሰው ነው" አሉ። ዓይን ሁሉ ወደ ዘበኛው ዞረ።

አያ ጥሩነህ ተነሥተው ቆሙ። "ከግቢው የተለየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ለጴጥሮስ ወጳውሎስ" አሉ። "ያን ቀን ደግሞ ለመምህር አደራ ሰጥቼ ነው የሄድኩት፤ ስለዚህ ያን ቀን አይደለም።" እኔን ከጥርጣሬ ያወጡኝ እርሳቸው ናቸው። እኔን ሲያወጡ ራሳቸው ገቡበት። እኔ ተቀምጬ ሰማሁ።

ከዚያ ወፍ ተናገረ ተባለ፤ የጥሩነህ ሚስት መዳፍ ቀልቷል። አትጠገብ ተጠራች። እጇን በነጠላዋ ሸፍና መጣች።

"እጅሽን አውጪ" አሏት ጭቃ ሹሙ።

"ምነው?"

"አውጪ ተብለሻል።"

አወጣች። መዳፏ ቀይ ነበር።

"እንሶስላ ነው" አለች ቀስ ብላ።

ሰው አጉረመረመ። ወንድሟ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። በክረምት ሴት ሁሉ መዳፍና እግር የሚያቀላውን እንሶስላ ትሞቃለች፤ ሐዘንተኛ ግን አትሞቅም። ያች ሴት ወይ ሌባ ናት፣ ወይ የወንድሟን ሐዘን ያቃለለች ናት። ሁለቱም ያሳፍራል፤ እጇን የሸፈነችው ለዚህ ነበር።

"ሙት ዓመቱ ሳይወጣ እንሶስላ ሞቅሽ?"

"ለማማር አይደለም። አረም ላይ ጭቃው በልቶኝ እጄ ተሰነጣጠቀ።"

ከኋላ አንዱ፣ "ለተሰነጠቀ እጅ ቅቤ አይቀባም?" ብሎ አሳቀ።

"ቅቤውን አንተ አምጣልኛ!" አለች ዞራ። "በዚህ በሐምሌ ማን ቤት ነው ቅቤ ያለው?"

ሳቁ ቆመ። ጭቃ ሹሙ ግራ ገባቸው፤ ፍርድ ማጣመም የሚፈልጉ ሰው አልነበሩም። ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር፣ ይህን ነገር ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ ከእርስዎ በቀር የሚያውቀው የለም። የዚህ ሥር ቀለም እጅ ላይ ይቆያል ወይስ በውኃ ይለቃል?"

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። "ይለቃል" ብል፣ ታጥባ ቀለሙ አለመልቀቁን አይተው ያምኗት ነበር። እንሶስላ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ አፈርሳታው ይቀጥላል። የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት እንደገና ይነሣል።

"ይቆያል" አልኩ።

"ምን ያህል?"

"ሳምንትም ይቆያል።"

ሁለተኛውን ማን ጠየቀኝ? እርሳቸው ጠየቁኝ፤ ግን "አላውቅም" ማለት እችል ነበር። እኔ ውሸቴን በዝርዝር አጠናከርኩት። ሰው ተነሣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ወደ እርሻው ሄደ።

የቀረው አጭር ነው። አያ ጥሩነህ ከሥራ ወጡ። ከጽዋ ማኅበራቸው ተሰረዙ፤ እሳት የሚጭርላቸው ጎረቤት ጠፋ። ወደ ወህኒ ሊላኩ ነበር፤ እኔ ለመንኩላቸው። አዎ፣ ለመንኩላቸው፤ ሰውም "እንዴት ያለ ሩኅሩኅ መምህር ነው" አለኝ። ያን ምስጋና ተቀበልኩ። ከበደሌ ሁሉ ዛሬም በሌሊት የሚያባንነኝ ይህ ነው፤ ምስጋናውን መቀበሌ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ዓባይን ተሻግረው ወለጋ ሊሄዱ ዕቃቸውን በአንዲት አህያ ጭነው በትምህርት ቤቱ በኩል አለፉ። አያ ጥሩነህ ቆመው "እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ። አትጠገብ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

"መምህር፣ በግንቦት ለቅምሻ የደረሰንን አንዱን ልጬ ቀቅዬው ነበር። እጄ በማግስቱ ለቀቀ። የእርስዎ እጅ ሳምንት ይቆያል?"

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

"ያን ቀን ብናገረው ማን ይሰማኝ ነበር?" አለች። "መምህር ተናግሯል።"

"ተይ እንጂ አንቺ ሴት!" አሉ አያ ጥሩነህ ደንግጠው። "ከወህኒ ያዳኑኝ እኚህ ሰው አይደሉም እንዴ? አታሳፍሪያቸው።" አህያይቱን መታ አድርገው ነዷት።

በዓመቱ ማስተማሩን ትቼ ጋዜጣ ቤት ገባሁ። በሥራዬ ጥንቁቅ ነው ይሉኛል። ወጣቶቹን "ያላያችሁትን አየሁ አትበሉ" እያልኩ አስተምሬያለሁ። ለሥራ ወለጋ ሄጃለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ፈልጌ አጣኋቸው ብላችሁ እንዴት ደስ ባለኝ። አልፈለግኳቸውም። የጎጃም ሰዎች ሰፍረውበታል የተባለ መንደር ሲነገረኝ በሌላ መንገድ ሄድኩ። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ልጅ ይውለዱ አይውለዱ አላውቅም። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ማወቅ እችል ነበር።

ዘንድሮ በጅጋ ገበያ ሳልፍ ሁለት ልጃገረዶች ሽንኩርት ዘርግተው ይቀላለዳሉ። አንደኛዋ ከመደቡ የሆነ ነገር ከኋላዋ ስትሸሽግ ሌላዋ ያዘቻት፤ "ኧረ እንደ ጥሩነህ ሚስት እጅሽን አትደብቂ!" አለቻት። እግሬ ቆመ።

"የጥሩነህ ሚስት ማን ናት እመቤቴ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"እኔ እንጃ አባባ፤ ተረት ነው። ድሮ አንዲት ሌባ ነበረች አሉ።"

ወጣት ነበርኩ ልል አልችልም፤ ለማስተማር የበቃሁ ሰው እውነት ለመናገር አላንስም። ፈራሁ ልል አልችልም፤ የፈራሁት ሳቅ ነው። እናንተንም ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለምና ይቅር የማለት ሥልጣን የላችሁም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከቡሬ እስከ ፈረስ ቤት፣ ከጅጋ እስከ ዱርቤቴ ያ አባባል በሰው አፍ ሲነገር ከሰማችሁ፣ ተናጋሪውን አስቁሙትና ንገሩት፤ የጥሩነህ ሚስት አትጠገብ ትባል ነበር። እጇ ላይ የነበረው እንሶስላ ነው። የዋሸው መምህሩ ነው።