ሁለተኛው ለቅሶ

የባለቤቴ የእንዳለ አርባ ከወጣ ወዲህ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን ጭር ብሏል። ባለፈው ሳምንት ግን ስለ ፊልም ሥራው የቴሌቪዥን ዝግጅት የሚሠሩ አንዲት ጋዜጠኛና አንድ ካሜራማን መጡ። ከደጅ ገብቼ እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ወንበር አጠገብ ስቀመጥ ቀረጹኝ። የወንበሩን መደገፊያ ስነካው እንባዬ ቀደመኝ፤ ሳላስበው ስሙን ጠራሁ። ጋዜጠኛዋ እስክረጋጋ ጠበቀችኝና እያፈረች፣ «እትዬ ሰናይት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ድምፁ አልገባም። እንደገና ከበሩ ይገቡልናል?» አለችኝ።

ተነሥቼ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቆሜ የጦሳን ተራራ የሸፈነውን ጉም ሳይ አንድ የድሮ የነሐሴ ቀን መጣብኝ።

ያኔ እንዳለ አስተማሪነቱን ትቶ ፊልም እሠራለሁ ያለበት ጊዜ ነበር። ዘመዶቹ «ሥራ ፈታ» ይሉታል። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። የመጀመሪያው ዘጋቢ ፊልሙ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ላይ የምትሠራ እቴነሽ ስለምትባል ሴት ነው። ካሜራው የውሰት፣ ድምፅ የምቀዳው ደግሞ ሌላ ሰው ስለሌለን እኔ። እቴነሽ ሳቂታ ነበረች። ካሜራው ሲዞርባት፣ «እንዳለ፣ በየትኛው ጎኔ ነው የማምረው? የሚያምረውን ንገረኝና እሱን ልስጥህ» ትለው ነበር። ቀረጻው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ታመመች፤ ሳምንት ሳይሞላት ሞተች።

በሰልስቷ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ በለስ ሻጮች ባልዲያቸውን ይዘው መንገዱ ዳር ተኮልኩለዋል። በለስ ሲያይ የማያልፈው እንዳለ ያን ቀን ቀና ብሎም አላያቸው።

«ካሜራውን ነገ ጠዋት መመለስ አለብኝ» አለኝ። «የቀረን ካሴት አንድ ነው። ዛሬ ካልሆነ ፊልሙ የለም። ፊልሙ ከሌለ እኔም የለሁም።»

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። አይቀልድም።

እናቷ እማማ የሺ «ቅረጹ፤ ልጄ ትታይልኝ» ብለው ፈቀዱልን። ድንኳኑ ውስጥ የእቴነሽን የሥራ ጋዋን ታቅፈው፣ የተጣበቀበትን የጥጥ ብናኝ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። «አላጥበውም» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ላቧ አለበት።» ከዚያ ጋዋኑን ፊታቸው ላይ ደፍተው ጮኹ።

ማይክራፎኑ የታሰረበትን ዘንግ ይዤ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። እናት እያለቀሰች ዘንግ ይዞ የሚቆም ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔም አልቻልኩም። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወለቅሁ፣ ማይክራፎኑን መሬት ጣልሁና አንገታቸው ላይ ተጠመጠምሁ። ገመዱ ከካሜራው ተነቅሎ ኖሯል።

እንዳለ ከድንኳኑ ጀርባ ሲጠራኝ ፊቱ አመድ መስሏል። «አፋቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለም። ሰናይት፣ ገደልሽኝ።»

«ታዲያ እንደገና ያልቅሱ ይባላል?»

«አይባልም። ግን አዲስ ለቀስተኛ ሲመጣ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል። ነጠላሽን ተከናነቢና ከመንገዱ እየጮኽሽ ግቢ። ማይክራፎኑን እኔ አጠገባቸው አደርገዋለሁ።»

«እንዳለ፣ ነውር ነው።»

«ነውር ነው» አለኝ። «ግቢልኝ።»

ገባሁ። «እቴነሽ! እህቴን!» እያልሁ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የእኔ አልመስል አለኝ፤ ጋዋኑን ሳይ ግን እውነተኛው መጣ። እማማ የሺ ተነሥተው ደረታቸውን እየደቁ ከቅድሙ አስበልጠው አለቀሱ። ድንኳኑ በሙሉ ተነሣ። ጎረቤታቸው ዘሐራ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ መጥታ፣ «አብሽሩ የሺ፣ በአላህ ይብቃዎት» እያለች አስቀመጠቻቸው።

ጸጥ ሲል እማማ የሺ ጭንቅላቴን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉ። «አወቅሁሽ እኮ» አሉኝ ቀስ ብለው። «የቅድሟ ነሽ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ምኑን? ሌላው አንዴ አልቅሶ ይሄዳል። ለልጄ ሁለቴ ያለቀስሽላት አንቺ ነሽ።» ከንፍሮው ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ትኩስ ነበር።

እንዳለ ይህችን ንግግር ከፊልሙ ቆርጦ አወጣት። ፊልሙ በለቅሶው አለቀ፤ ሰው ወደደለት፤ በሩም ተከፈተለት። በኋላ ልብ ወለድ ፊልሞችን ሲሠራ ተዋንያኑን እስኪራገሙት ድረስ ያስደግማቸው ነበር። በዘጋቢ ፊልም ላይ ግን «ይደገም» የሚል ቃል ዳግመኛ ከአፉ ወጥቶ አልሰማሁም። ድምፅ ከጠፋ እንደጠፋ ይተወዋል። ባልደረቦቹ የሙያ ስልት አድርገው ያደንቁለታል። ምክንያቱን የምናውቀው ሁለት ነበርን፤ አሁን እኔ ብቻዬን ነኝ።

እማማ የሺ አውቀውኝ ሳለ ያለቀሱት ራርተውልን ነው ብዬ ስንት ዓመት ኖርሁ። ባለፈው ሳምንት በረንዳው ላይ ቆሜ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ያኔ ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው በርዶ፣ ሰው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀምሮ ነበር። እኔ ስገባ የልጃቸው ስም እንደገና በጩኸት ተጠራላቸው።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። ወንበሩን ነካሁ፤ ስሙን ጠራሁ።

«አሁን ገብቷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» አለች ጋዜጠኛዋ። ገመዳቸውን መጠቅለል ጀመሩ። «አንዴ ይድገሙልን» ትለኝ እንደሆነ ብዬ ዓይን ዓይኗን አየሁ። ብትለኝ ለሦስተኛ ጊዜም ወጥቼ ስሙን እየጠራሁ እገባ ነበር።