በሩ መጨረሻ ላይ ይዘጋል

ትናንት በረንዳውን ሳጥብ ከባልዲው የተረፈው ውኃ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። የሞቀ ሲሚንቶ ውኃ ሲነካው የሚያወጣው ያ ሽታ አወደኝ። ውኃው ከዳር እየጠበበ ሲደርቅ ቆሜ አየሁትና ሐሳቤ ቃሊቲ፣ የድሮው ትምህርት ቤቴ ግቢ ደረሰ።

ልጅ እያለሁ ዝምተኛ ነበርኩ። መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም፤ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ስል እንኳ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አትሰማኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቻይንኛ ሊሰጥ ነው ሲባል ግን ከሁሉ ቀድሜ ተመዘገብኩ። በሠፈራችን ከሚያልፉት የጭነት መኪኖች በሚወርዱት ካርቶኖች ላይ ያንን ጽሕፈት ሳይ አድጌያለሁ። አፍ ሳይከፍቱ የሚማሩት ነገር መስሎኝ ነበር።

አስተማሪያችን ዮናስ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አስተርጓሚ ነበር። ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያልፉት ጥቂት ልጆች ብቻ እንደሆኑ ከመጀመሪያው ነግሮናል። እኔ አልሰጋሁም፤ ደብተሬ ላይ የምጽፋቸው ፊደላት ቁርጥ መጽሐፉን ይመስሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዮናስ ደብተር አስዘግቶ ወደ ግቢው አወጣን። የቀለም ቡርሽና ውኃ የሞላ ቆርቆሮ ይዟል። ቻይና ውስጥ አዛውንቶች ጠዋት ጠዋት መናፈሻ ወጥተው መሬት ላይ በውኃ ይጽፋሉ አለንና «አገር» የሚለውን ፊደል እንድጽፍ «ሜሮን» ብሎ ጠራኝ። ፊደሉ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ሌሎች መስመሮች አሉት። ሳጥኑን እንደኛው «ዐ» በአንድ ዙር ገጠምኩት፤ ከዚያ ውስጡን ሞላሁ። አምሮብኝ ነበር። ዮናስ «ቆዩ፣ እዩት» አለ። የጋለው ሲሚንቶ ውኃውን መጠጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሳጥኑ ዙሪያውን ጠፋ፤ የውስጡ መስመሮች ሜዳ ላይ ቀሩ።

«አያችሁ? ቀድሞ የተጻፈው ቀድሞ ይደርቃል፤ ደብተር ላይ ይህ አይታይም» አለ። «ቤት እንደመግባት አስቡት። ግራው፣ ቀጥሎ ላዩና ቀኙ፣ ከዚያ ውስጡ። የታችኛው መስመር በሩ ነው። ሁሉም ከገባ በኋላ ይዘጋል።»

«ሜሮን ቆልፋ በመስኮት ገባች!» አለች ቤቲ፣ የክፍላችን ቀልደኛ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት እልህ ይዞኝ ነው። እንደደረስኩ ጆግ ውኃ ቀድቼ አሮጌ ቡርሽ ፈለግሁና ደጃችን ላይ ተንበረከክሁ። እናቴ ብቅ ብላ ጮኸችብኝ።

«አንቺ ልጅ! ውኃ በፈረቃ እየመጣ መሬት ታጠጫለሽ?»

«እየጻፍኩ ነው እማዬ።»

«ደብተር አልቆ ነው?»

እጄ ያለበትን ጣጣ፣ የበሩንም ነገር ነገርኳት። ገባችና የልብስ እጣቢ በሳፋ ይዛ ወጣች። «ለመሬት ይሄ ይበቃዋል» አለች። ከዚያ በኋላ ልብስ በታጠበ ቁጥር ደጃችን በኦሞ ሽታና በነጫጭ የሳሙና ፊደላት ይሞላ ነበር። እጄ ግን ልማዱን አልተው አለ፤ ቀኙን ጨርሶ ታች ሲደርስ ወደ ግራ ታጥፎ መግጠም ይፈልጋል። እናቴ አንዲት ፊደል ሳታውቅ ልብስ እያሰጣች ትከታተለኝ ጀመር። «ኧረ በሩን! ሰው ውጭ አስቀርተሽ!» ትለኛለች። እጠርገዋለሁ፤ እንደገና እጀምራለሁ።

የፈተናው ቀን ዮናስ ነገሩን አከበደው፤ የመጀመሪያው መስመር ሳይደርቅ ፊደሉ ማለቅ አለበት። የደረሰኝ ያው «አገር» ነበር፤ ፀሐዩም አናት ይበሳል። ልጆቹ ከበው ቆመዋል። ግራውን አወረድኩ። ላዩን ስቤ ቀኙን ይዤ ወረድኩና ታች ስደርስ እጄ መታጠፍ አማረው። ቡርሹን አነሳሁ። የግራው መስመር ከላይ መሳሳት ጀምሯል።

«ደረቀባት!» አለች ቤቲ።

ቀና አላልኩም። ውስጡን አንድ በአንድ አስገባሁ፤ ከዚያ በሩን ዘጋሁ።

ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ግራው ሄደ፤ ላዩና ቀኙ ተከተሉት፤ ከዚያ ውስጡ። በመጨረሻ የታችኛዋ መስመር ብቻዋን እርጥብ ሆና ቀረች።

«በመስኮት ገባች ያለው ማን ነበር?» አለ ዮናስ።

«እኔ ነኝ ቲቸር» አለች ቤቲ። «ቁልፉን አገኘችው መሰለኝ።»

የሚያልፉት ልጆች ስም ሲጠራ የኔም ተጠራ። ጮክ ብዬ «አቤት» አልኩ፤ ቤቲ ዞራ እስክታየኝ ድረስ።

ዛሬ ከእናቴ ጋር የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዬም ትርጉም ነው። ቻይንኛ የምጽፈው በኮምፒውተርና በስልክ ሲሆን የቃሉን ድምፅ በላቲን ፊደል ስነካ ፊደሉ ተሠርቶ ይመጣልኛል። የትኛው መስመር እንደሚቀድም የሚጠይቀኝ የለም። ትናንት በረንዳው ላይ ጣቴን ውኃ ነክሬ «አገር»ን ስጀምር እጄ ያውቀው እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም። ታች ሲደርስ ግን ራሱ ተነሳ።

እናቴ የታጠበ ልብስ ይዛ ልታሰጣ ወጣች። መሬቱን አየችው፤ ሳትረግጠው ጥግ ጥጉን ዞራ አለፈች።

«ዘጋሽው?» አለችኝ።

«አሁን ልዘጋው ነው እማዬ» አልኳት።