አርባ አንደኛዋ ተማሪ

ጠዋት ጠዋት ቢሮ እንደገባች ከሁሉ በፊት የምትሠራው ለሰው በር መክፈት ነው። ከኮሌጁ መምህራን ቢያንስ ሦስቱ ፓስዎርዳቸውን ረስተው ያድራሉ። ስማቸውን ከዝርዝሩ ትፈልጋለች፣ አዲስ ትሰጣለች፣ ስልክ ደውላ ፊደሉንና ቁጥሩን አንድ በአንድ ታነብላቸዋለች። የኦንላይን መማሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ «የይለፍ ቃል ረስተዋል?» የሚል ጽሑፍ ስላለ «ወይዘሪት ይለፍ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የታሪክ መምህሩ ናቸው።

«ወይዘሪት ይለፍ፣ ዛሬም ዘጋብኝ!»

«ጋሼ፣ ትናንት የሰጠሁዎትስ?»

«እሱንማ እንዳልረሳው ብዬ ጻፍኩት።»

«ታዲያ?»

«የጻፍኩበትን ቦታ ረሳሁት።»

«ይሁና» ትላለች፣ «እኔ እለፋለሁ፣ እናንተ ታልፋላችሁ።»

ቀልድ መስሏቸው ከት ብለው ይስቃሉ።

ጠረጴዛዋ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ነው። ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር ኮቴው ከራሷ በላይ ይሰማታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስሟ በሩ ላይ የተለጠፈ አንዲት የስታቲስቲክስ መምህርት አለች። ታናሽ እህቷ ናት። ታናሽየዋ ችግር ሲገጥማት ትደውላለች እንጂ አትወርድም። «እትዬ፣ ኩዊዙ አልከፍት አለኝ» ትላለች፤ ታላቅየዋ ከታች ትከፍትላታለች።

ሁለቱም የተማሩት አንድ ትምህርት ነው፤ በውጤት ታላቅየዋ ትበልጥ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍሉ መምህር ሲፈልግ አመለከተች። የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ወጣች። የቀረው አምስት ፈታኞች ፊት ቆሞ ማስተማር ነበር። ወደ ሰሌዳው ዞራ ርዕሱን አሳምራ ጻፈች። ወደ ሰዎቹ ስትዞር ድምፅዋ የለም። አንዱ ፈታኝ ውሃ ሰጣት፤ ጠጣች፣ አንገቷን ሰብራ እጅ ነሣች፣ ወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ ታናሽየዋ እዚያው ሰሌዳ ፊት ቆማ ፈታኞቹን አስቃ ተቀጠረች። ታላቅየዋን ማንም አልበደላትም። የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ በዳይ ቢኖር ረግማው ይወጣላት ነበር።

ሦስቱም አንድ ቤት ይኖራሉ፤ እህትማማቾቹና እናታቸው። እናትየው ለጎረቤት ሲያወሩ አንዷን «መምህርቷ ልጄ»፣ ሌላዋን «ኮምፒውተር የምትነካካዋ» ይላሉ። ክፋት የለባቸውም። ሥራውን የሚያውቁት እንደዚያ ነው።

ሴሚስተሩ ሲጀመር ታላቅየዋ ለመምህራኑ የግማሽ ቀን ሥልጠና ትሰጣለች። አራት አምስት ሆነው በአንድ ኮምፒውተር ዙሪያ ሲቀመጡ ድምፅዋ አይጠፋም፤ ቆማ አይደለማ። ከምታስረዳቸው አንዱ የሙከራ ተማሪ ነው። ገጹ ለተማሪ እንዴት እንደሚታይ ለማየት በእያንዳንዱ ትምህርት ላይ አንድ የውሸት ተማሪ ትከፍታለች፤ በመጨረሻ ውጤት ከመዘጋቱ በፊት ትሰርዘዋለች። ታናሽየዋ ወደ ሥልጠናው አልመጣችም።

«አንቺ እያለሽልኝ ምን ልሁን ብዬ ነው የምሠለጥነው?» አለች።

የታናሽየዋ ክፍል አርባ ተማሪ አለው። ዝርዝሩ የሚያሳየው ስም ሳይሆን ቁጥርና ጾታ ነው። የሙከራዋ ተማሪ አርባ አንደኛ ሆና ተሰለፈች።

አንድ ማክሰኞ ታላቅየዋ ኩዊዙ መከፈቱን ልታይ በአርባ አንደኛዋ ስም ገባች። የውይይት ሰሌዳው ላይ አንድ ተማሪ፣ አማካይ ቁጥር እያለ መሀለኛው (ሚዲያን የሚሉት) ለምን እንዳስፈለገ ጠይቋል። ከጠየቀ ሦስት ቀኑ ነው፤ መምህርቷ አላየችውም። ታላቅየዋ ግራና ቀኝ አየችና ጻፈች፦ «በበግ መንጋ መሀል አንዲት ቀጭኔ ብትገባ የመንጋው አማካይ ቁመት ያድጋል። በጎቹ ግን አላደጉም። መሀለኛውን በግ ጠይቁት፤ እውነቱን እሱ ይነግራችኋል።»

ለምሳ ወጥታ ስትመለስ አሥራ ዘጠኝ ተማሪ ወዶታል። ከዚያ ወዲያ መተው አቃታት። በየቀኑ ትገባለች፣ ጥያቄ ትፈልጋለች፣ ትመልሳለች።

በሳምንቱ ታናሽየዋ ክፍል ውስጥ ፕሮጀክተሩ እምቢ አለ። ታላቅየዋ ወጥታ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ ገመዱን ስትቀይር፣ ከበላይዋ የእህቷ ድምፅ የበጎቹንና የቀጭኔዋን ነገር ሲናገር ሰማች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ልትል በልቧ ስትዘጋጅ፣ ታናሽየዋ ቀጠለች፦

«የኔ አይደለም፤ አርባ አንደኛዋ ተማሪያችሁ ናት ያለችው። የት ነሽ? እጅሽን አውጪ!»

ተማሪዎቹ ዞር ዞር አሉ። ታላቅየዋ እህቷን ሌባ እንዳትላት፣ ሌባ አይደለችም። ገመዱን ሰክታ፣ ጉልበቷን አራግፋ ወጣች።

ማታ እራት ላይ ወሬው ሁሉ አርባ አንደኛዋ ሆነ።

«ዓይናፋር ሳትሆን አትቀርም» አለች ታናሽየዋ። «በጽሑፍ እንጂ በአፍ አንድ ቀን አልተናገረችም። ግን እማዬ፣ እንዴት ያለ ጭንቅላት መሰለሽ!»

«የማን ልጅ ትሆን?» አሉ እናትየው። ዳቦውን ቆርሰው ለሁለቱም አካፈሉና «የወለደቻት እናት ታድላ!» አሉ።

ታላቅየዋ ዳቦውን ሳህኗ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ሰው በእህቱ ይቀናል፤ ያለ ነው። በሌለ ሰው፣ በገዛ እጁ በፈጠረው ሰው ሲቀና ግን ለማን ይነገራል? ሆድ ይፍጀው ብላ ሳህኖቹን አነሣች።

የሴሚስተሩ ማብቂያ ደረሰ። አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ውጤት ይዘጋል፤ የሙከራ ተማሪዎችም ከዚያ በፊት ይሰረዛሉ። ሐሙስ ከሰዓት ኮቴ ሲወርድ ሰማች፤ አረጋገጡን ታውቀዋለች። ታናሽየዋ ወረቀት ይዛ ጠረጴዛው ፊት ቆመች። እህቷ ጠረጴዛ ድረስ ስትወርድ የመጀመሪያዋ ነው።

«እትዬ፣ የአርባ አንደኛዋን ስም አውጪልኝ። የትምህርት ክፍሉ ማጠናከሪያ የሚያስተምር ረዳት ሊቀጥር ነው። ለኃላፊው ነግሬአቸው፣ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ስሟን አምጪ ብለውኛል።»

መሳቢያ ውስጥ እንደተቀመጠ ዕቃ ውሸቱ ተዘጋጅቶ ነበር። «አቋርጣለች መሰለኝ» አለች ታላቅየዋ። ነገ ትሰርዛታለች፤ ማንም አያውቅም።

የታናሽየዋ ፊት ጠወለገ። «አቋርጣ? ምን ሆና? ታማ ይሆን እንዴ? አድራሻዋን ስጪኝ፤ ቤቷ ድረስ እሄዳለሁ።»

«ቤቷ ድረስ?»

«ምን ችግር አለው?»

«እኔ ጋ ደረጃ ለመውረድ እንኳ ሦስት ዓመት ፈጅቶብሻል!»

ሳታስበው ነው ያመለጣት። አንዴ ካመለጣት ወዲያ እጇ አልቆመም፤ የአርባ አንደኛዋን ገጽ ከፍታ ስክሪኑን ወደ እህቷ አዞረችው። «ዓይነት፦ የሙከራ ተማሪ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የከፈተው ሰው ስም አለ፤ የታላቅየዋ ሙሉ ስም፣ እስከ አያት። ታናሽየዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ቀጭኔዋ ያንቺ ናት?»

«የኔ ናት።»

«ሴሚስተሩን ሙሉ ስትታዘቢኝ ነው የከረምሽው?»

«አልታዘብኩሽም። ስቀናብሽ ነው የከረምኩት።»

ስልኩ ጮኸ፤ የታሪክ መምህሩ ናቸው። ማንም አላነሣውም።

«እኔ ደግሞ ለኃላፊው ምን ልበላቸው?» አለች ታናሽየዋ ዓይኗ ውሃ ሞልቶ። «የሌለች ልጅ ነበር ለካ ሳሞግስ የኖርኩት ልበል? መሳቂያ አደረግሽኝ!»

«የጠየቁሽ ስም ነው።»

«እንግዲያው አንቺው ጻፊው። የኔ እጅ እሺ አይለኝም።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች። ኮቴዋ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሲወጣ ተሰማ።

ታላቅየዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ከዚያ የራሷን ስም ጻፈችበት፤ ማንም እንዳያደርስላት ራሷ ይዛው ደረጃውን ወጣች፣ ለኃላፊው ሰጠች፣ ወረደች።

አርብ አራት ሰዓት ላይ አርባ አንደኛዋን ሰረዘች። ዝርዝሩ አርባ ላይ ቆመ።

ማታ እህትማማቾቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው አይተያዩም። እናትየው ጨው እያቀበሉ «ያቺ ልጅ ስሟ ተገኘ?» አሉ።

«ተገኘ» አለች ታናሽየዋ፣ ከሳህኗ ቀና ሳትል።

«ታዲያ ያዟት?»

«ገና ትፈተናለች።»

ፈተናው ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ቆሞ ማስተማር ነው፤ ታናሽየዋ እህት በመሆኗ ከፈታኞቹ ወጥታለች።