የእናቷ ሙያ

ሚጢጢ ቁመቷ የበር መቃን የሚነካ፣ ወንበር ላይ ሳትወጣ አምፖል የምትቀይር ልጅ ናት። ስሙ የወጣላት ስትወለድ ከክንድ ስለማትበልጥ ነበር። በኋላ እንደ ሸንበቆ ስትመዘዝ ስሙን የሚያነሳላት ሰው ጠፋ። አባቷ «የተሳሳተችው ልጅቷ ናት እንጂ ስሙ ምን አጠፋ?» ይል ነበር።

በሃያ አንድ ዓመቷ በማታውቀው አገር፣ የስደተኞች መመዝገቢያ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ፊት ለፊቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ጸሐፊ አሉ። ጠረጴዛው ላይ ስልክ አለ፤ አስተርጓሚው ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፣ ከኋላው ደግሞ ሕፃን ያለቅሳል። የአባት ስም ተጠየቀች፣ መለሰች። የእናት ስም ተጠየቀች፣ መለሰች። ቀጥሎ አስተርጓሚው ልጁን እሹሩሩ እያለ «ሙያ?» አላት። የእናቷን የጠየቃት መስሏት «ልብስ ሰፊ» አለች። የጸሐፊዋ ፊት በራ። ከጠዋት ጀምሮ የመጣላቸው ሰው ሁሉ ተማሪ ነበርኩ የሚል ነበርና፣ አንድ ባለሙያ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ወረቀቱ ላይ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱት።

ሚጢጢ እስከዚያ ቀን ድረስ በፈቃዷ መርፌ የምትይዘው እሾህ ከእግሯ ለማውጣት ብቻ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ እናቷ ናት። የቤታቸው ሳሎን የእንግዳ መቀበያ መሆኑ ከቀረ ዘመን አልፎታል፤ የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ ብትን ጨርቁ ወንበሩ ላይ፣ ስፒሉ ምንጣፉ ውስጥ። ሊጠይቃቸው የመጣ ዘመድ መጀመሪያ መቀመጫውን በእጁ ዳብሶ ነበር የሚቀመጠው። እናቷ ሙያውን ልታወርሳት ያልሞከረችው ነገር የለም። ልጅቷ ግን ቁልፍ ትከዪ ስትባል ሸሚዙን ከገዛ ቀሚሷ ጋር ሰፍታው ትነሳለች። ያን ጊዜ የእናቷ አፍ ይከፈታል። «ክሩን ምን አስረዘመሽው? ልብስ ልትሰፊ ነው ወይስ ጥጃ ልታስሪ?» ትላለች። «ይኼ ስፌት ነው ወይስ ሰካራም የሄደበት መንገድ?» ትላለች። «ጨርቁን አትጎትቺው፣ ተጣልቶሻል?» ትላለች። ሚጢጢ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከሁሉ በላይ የተደሰተችው ከዚያ መኪና በመገላገሏ ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች ጦርነቱ የትውልድ ከተማዋ ገባ። ስልክ ለአሥራ አንድ ቀን ተቋረጠ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእናቷን ቁጥር ስትደውል ጠራ፣ ተነሳም። ያነሳችው ጎረቤታቸው ነበረች። «ልጄ» አለች፣ ከዚያ ቤታቸው በከባድ መሣሪያ እንደተመታ ነገረቻት። እናቷ፣ አባቷና ታናሽ ወንድሟ ሦስቱም ሳሎን ውስጥ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ የመኪናውንም፣ የእግሩንም ጉዞ፣ የድንኳኑንም ኑሮ ሚጢጢ ለማንም በቅደም ተከተል ተናግራው አታውቅም። ማንም ሲጠይቃት «ደረስኩ» ብላ ትዘጋዋለች።

ከተመዘገበች ከሦስት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣላት። ለሙያዋ የሚመጥን ሥራ ተገኝቶላታል፤ ሰኞ ጠዋት ከልብስ ማስተካከያ ሱቅ እንድትገኝ። ደብዳቤውን ይዛ በአንድ ክፍል አብረዋት የሚኖሩትን ሴት ቀሰቀሰች። እኚህ ሴትዮ የአገሯ ልጅ ናቸው፣ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ያጥባሉ። ሁልጊዜ ወይ ከፈረቃ መጥተው ነው፣ ወይ ወደ ፈረቃ ሊሄዱ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ እትዬ ፈረቃ ይላቸዋል። ሚጢጢ ነገ ቢሮ ሄዳ ስህተት ነው ልትል እንደሆነ ነገረቻቸው። እትዬ ፈረቃ አንድ ዓይናቸውን ብቻ ገለጡ።

«ምን ብለሽ? እናቴ ናት የምትሰፋው ልትያቸው?»

«እውነቱ እሱ ነው።»

«ዝም ብለሽ ሂጂ። እናትሽ ከሰፋች ባንቺም ደም ውስጥ አይጠፋም።»

«በደሜ ውስጥ ያለውማ ጣቴን ስወጋ የሚወጣው ነው።»

እትዬ ፈረቃ ዓይናቸውን መልሰው ከደኑት። ውይይቱ በዚሁ አበቃ።

ሱቁ በጫማ ጠጋኝና በቁልፍ ቀራጭ መሀል የተሸጎጠ፣ ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ ውሃ የሚተፋ ካውያና አንድ ሬዲዮ ያለው ጠባብ ቤት ነው። ባለቤቱ አጭር ሽማግሌ ናቸው፤ ሜትራቸውን ምሳ ሲበሉ እንኳ ከአንገታቸው አያወርዱም። ንግግር አይወዱም። ሲናደዱ መቀሳቸውን ያንጫጫሉ፣ ሲደሰቱም ያንጫጫሉ፤ ልዩነቱን ለማወቅ ሰው ቢያንስ ስድስት ወር መሥራት አለበት። ሚጢጢና እትዬ ፈረቃ በአገራቸው ቋንቋ ጋሼ መቀስ የሚል ስም አወጡላቸው።

የቋንቋዋ ነገርም ያው እንደ ስፌቷ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ለገባች ደንበኛ ሱሪው ደርሷል ልትል ፈልጋ «እኔ የደረስኩ ሱሪ ነኝ» አለቻት። ሴትየዋ በአክብሮት ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

በዚያው ቀን ጋሼ መቀስ የአንድ የአውቶቡስ ሾፌር የደንብ ልብስ ሱሪ ሰጥተዋት ለጉዳይ ወጡ። ትእዛዙ ቀላል ነው፤ ሁለቱም እግር በአራት ጣት ይጠር። ሚጢጢ የቀኙን እግር ለካች፣ ቆረጠች፣ አጥፋ ዘመዘመችው፤ አንድ ሰዓት ፈጀባት እንጂ አልተበላሸባትም። ከደስታዋ ብዛት ሱሪውን አንስታ ገልብጣ አየችው፣ መልሳ ዘረጋችው፣ ግራ ነው ብላ ያንኑ ቀኝ እግር እንደገና በአራት ጣት ቆረጠችው። ሾፌሩ ሊወስድ መጥቶ መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ለብሶ ሲወጣ አንዱ እግር መሬት ይጠርጋል፣ ሌላው ባቱ ላይ ቀርቷል።

ሾፌሩ መስታወቱን ለረጅም ጊዜ አየው። «ጎርፉ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚመጣው?» ሲል ጠየቀ።

ጋሼ መቀስ ያን ሰዓት ነው የገቡት። ሱሪውን አዩ፣ ሚጢጢን አዩ፣ መቀሳቸውን አንጫጩ። ከዚያ ፊታቸው ሳይለወጥ ተንበርክከው ሁለቱንም እግር ጉልበቱ ላይ ሸረከቱና በአሥር ደቂቃ ቁምጣ አደረጉት። ወቅቱ ሙቀት ነው፣ አውቶቡሱ እንደ ምድጃ ይግላል፣ ሌላውን ደግሞ እኔ በነፃ እሠራልሃለሁ አሉት። ሾፌሩ ነገሩ ብዙም አልተዋጠለትም፤ ግን ቸኩሎ ስለነበር እንደለበሰው ሄደ።

በማግስቱ አምስት ሾፌሮች ሱሪያቸውን ይዘው መጡ። ቁምጣ ፈልገው ነው። ያኛው ሾፌር ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን ነፋስ ሲመታው አይተው ቀንተዋል። ጋሼ መቀስ ቆረጡ፣ ሚጢጢ ዘመዘመች። አንድ ሳምንት ሙሉ ደስታ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት የስምሪት ኃላፊው ጉልበት እያሳዩ ተሳፋሪ ማጓጓዝ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ለጠፉና ስድስቱም ሾፌሮች ቁምጣቸውን ታቅፈው ተመልሰው መጡ። እግሩ ይመለስልን አሉ።

ጋሼ መቀስ ቁራጭ የማይጥሉ ሰው ናቸው፤ እግሮቹ ሁሉ በአንድ ጆንያ ውስጥ አሉ። ጨርቁ አንድ ዓይነት፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው። ጆንያውን ሚጢጢ ፊት ገለበጡና «ያንቺ ነው» አሏት። ሦስት ቀን ሙሉ እግር ከባለቤቱ ስታዛምድ ዋለች፤ አንዱ በመታጠብ ብዛት ነጣ ያለ ነው፣ አንዱ ቅባት ነክቶታል፣ አንዱ ውሻ የነከሰው ይመስላል። ስትገጥም፣ ስትፈታ፣ እንደገና ስትገጥም፣ ቀጥ ያለ ስፌት ምን እንደሚመስል ለእጇ ገባው። ከረጅሙ ሾፌር ጋር የአጭሩ እግር ተሳስቶ ከመሄዱ በስተቀር ሁሉም እንደነበረ ሆነ። የመጀመሪያው ሾፌር ቀኝ እግር ግን ከሦስት ቁራጭ ነው የተገጣጠመው፤ ሲቀመጥ እንደ ካርታ ድንበሩ ይታያል።

በእነዚያ ሦስት ቀናት አንድ ነገር ተከሰተ። ሚጢጢ ስትሰፋ ማጉረምረም ጀመረች። ራሷ አላስተዋለችውም። ክሩ ሲረዝም፣ ጨርቁ ሲሸሽ፣ አፏ በራሱ ይከፈትና በአገሯ ቋንቋ ያወርደዋል። እጇም ይታዘዛል፤ ክሩ ያጥራል፣ ጨርቁ ይለቀቃል። ጋሼ መቀስ አንድ ቀን ሰሟት፣ ሌላም ቀን ሰሟት። ጸሎት መሰላቸው። ሃይማኖተኛ ሰው ባይሆኑም የሰው ጸሎት ማቋረጥ ነውር ነው ብለው፣ እሷ ማጉረምረም ስትጀምር ሬዲዮኑን ዝቅ ማድረግ ያዙ። ኳስ ሲተላለፍ እንኳ ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ይህ ለእሳቸው ትልቅ መሥዋዕትነት ነው።

ምሳ ይዘውላቸው የሚመጡት ባለቤታቸው ግን ነገር የማያልፋቸው ሴት ናቸው። አንድ ቀን ሳህኑን አስቀምጠው፣ ልጄ፣ ይኼ ጸሎትሽ ደስ ይላል፣ ምን ማለት ነው ብለው ጠየቋት። ሚጢጢ ደነገጠች። ቋንቋው በቂ ስላልነበራት በእጇም በእግሯም እያገዘች ተረጎመችላቸው።

«‹አንቺ እጀ ሰባራ፣ ይኼን ኮሌታ ያየ ሰው አንገቱን ይደብቃል› ማለት ነው።»

ሴትየዋ አልገባቸውም። አስደገሟት። ሲገባቸው በሳቅ ወንበር ፈለጉ። ጋሼ መቀስም መቀሳቸውን እያንጫጩ ሳቁ፤ ሚጢጢ የደስታውን ድምፅ ያን ቀን ለየችው። ሌላም ንገሪን አሏት፤ የጥጃውንም፣ የሰካራሙንም ነገረቻቸው። እሷም አብራ ሳቀች። በሳቁ መሀል እንባዋ መጣና አልቆም አለ። ሴትየዋ ሳህኑን ገፍተው ከጎኗ ተቀመጡ። ያን ጊዜ በዚያው ስብርብር ቋንቋዋ ሁሉንም አወጣችው፤ የስልኩን፣ የሳሎኑን፣ ከዚያም እሷ ልብስ ሰፊ እንዳልሆነች፣ ሙያው የእናቷ እንደሆነ። ከሥራ እንደምትባረርም ገምታ ቦርሳዋን በዓይኗ ፈለገች።

ጋሼ መቀስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በመጀመሪያው ሰዓት ነው ያወቅኩት» አሉ። «መርፌ እንዳይወጋሽ የሚጠለቀውን ብረት አውራ ጣትሽ ላይ ነበር ያጠለቅሽው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ያ ቢሮ ካንቺ በፊት ሦስት ባለሙያ ልኮልኛል። ሦስቱም ከእኔ ጋር ተጣልተው ሄዱ። አንቺ ቋንቋ ስለማትችዪ መጣላት አትችዪም ብዬ ነው።»

ባለቤታቸው ትከሻቸውን በማንኪያ መቷቸው። እሳቸው ግን እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ኮሌታ፣ ኪስና እጅጌ ያስተምሯት ጀመር። የእሳቸው ትምህርት አጭር ነው፤ ያሳያሉ፣ ያፈርሱታል፣ ሥሪ ይላሉ። ማብራሪያውን የምትሰጠው እናቷ ነበረች። ሚጢጢ ያ ሁሉ ዓመት በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው የወጣ የመሰላት ስድብ አንዲት ቃል ሳይጎድል ውስጧ ተቀምጦ መቆየቱ በጣም ገረማት። «እጅጌ ከትከሻ ላይ አይንጠለጠልም፣ ያርፋል» የሚል ነገር ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ከአፏ ይወጣል። ቋንቋዋ ሲሻሻል ደግሞ ጋሼ መቀስ የፈሩት ደረሰ፤ መጣላት ቻለች። በአንድ ኮት ገበር ምክንያት ሁለት ቀን ተኮራረፉ። በሦስተኛው ቀን እሳቸው ገበሩን እሷ እንዳለችው አድርገው ሰፍተው ጠረጴዛዋ ላይ ምንም ሳይሉ አስቀመጡት።

በዓመቱ ለሙያ ፈተና ተቀመጠች። በአንድ ቀን ሸሚዝ ሰፍቶ መጨረስ ነው። ሚጢጢ ኮሌታውን አሳመረችው፣ እጅጌውን አሳመረችው፤ ከመረበሿ ግን የደረት ኪሱን አራቱንም ጎን ሰፋችው። ፈታኙ እስክሪብቶውን ሊከትበት ሞከረ፣ እስክሪብቶው ወለል ላይ ወደቀ። አንስቶ እንደገና ሞከረ። ከዚያ በጣም አዝኖ ወደቀች ብሎ ጻፈ። እትዬ ፈረቃ ሌባ የማይገባበት ኪስ ነው ብለው አጽናኗት። በአራተኛው ወር ደግማ ተፈተነች።

ውጤቱ የመጣው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ፖስታውን ከታች ከሳጥኑ አውጥታ እዚያው ቆማ ቀደደችው። አልፋለች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች፤ በሩ ላይ ግን እትዬ ፈረቃ ከሥራ ሲመጡ የሚለጥፉት ወረቀት ጠበቃት፤ «ተኝቻለሁ። ቤቱ ካልተቃጠለ አትቀስቅሺኝ» ይላል። ሱቁም የሚዘጋበት ቀን ነው። ሚጢጢ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እግሮቿ ረጅም ስለሆኑ ሦስት ደረጃ ያዙ። ከዚያ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ድምፅ አውጥታ ለእናቷ መንገር ጀመረች። ኪሱ በዚህኛው ተከፍቶ ነው የተሰፋው አለች። ኮሌታው አንገት አያስደብቅም አለች። ከላይ ሁለተኛው የቁልፍ ቀዳዳ ትንሽ ጠመም ብሏል፣ እሱን እኔም አይቼዋለሁ፣ አትናገሪኝ አለች።

ቀና ስትል ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ሽማግሌ ሁለት ከረጢት አንጠልጥለው እግሮቿ እስኪነሱላቸው ይጠብቃሉ። ምን ያህል እንደቆዩ እንጃ። ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ከእናቴ ጋር እያወራሁ ነው አለች፣ ቀላሉ እሱ ነበርና።

ሽማግሌው ስልክ ካለ ብለው እጇንም ጆሮዋንም አላዩም። «ሰላም በይልኝ» አሉ።

ሚጢጢ ትንሽ አሰበች። «አንድ ሰውዬ ሰላም ብለውሻል» አለች በአገሯ ቋንቋ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች፣ ሁለቱንም ከረጢት ተቀበለቻቸውና አሳንሰሩ ስለተበላሸ እስከ አምስተኛ ፎቅ ተሸክማ ወጣች። እሳቸው ከኋላ እያለከለኩ፣ እንዲህ ያለ ቁመት ቢኖራቸው ኖሮ ምን ምን ሊሠሩበት እንደሚችሉ ይነግሯት ነበር።