ሰው አሳዩን

እናቴ ኳስ የምታየው ለኳሱ ብላ አልነበረም። መርሳ ከተማ፣ ቤታችን ውስጥ፣ አባቴ ከጎኗ ተቀምጠው በዳኛው ሲናደዱ እሷ ቴሌቪዥኑን ትቆጣ ነበር። «ኧረ ሰው አሳዩን! ምነው ሣር ብቻ» ትላለች። የተቀየረው ልጅ አኩርፎ እንደሆነ፣ የአሰልጣኙ ፊት ጠቁሮ እንደሆነ ነው ማወቅ የምትፈልገው። አድጌ የቀጥታ ስርጭት ዳይሬክተር ስሆን ሥራዬን ለጎረቤት ያስረዳችው «ከሣሩና ከሰው የምትመርጥ እሷ ናት» ብላ ነው። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና የጨረሱት አባቴ ደግሞ ሌላ ቅሬታ ነበራቸው። «ምስሉን ቶሎ ቶሎ አትቀያይሪው፣ የሰው ራስ ታዞሪያለሽ። ሾፌር አፍንጫው ሥር ያለውን ብቻ ካየ ገደል ይገባል።» እውነታቸውን ነው፤ ኳሱ ያለበትን ሳይሆን የሚሄድበትን መገመት ነው ሥራው። እኔም ባልና ሚስቱን ላስማማ ስል ኖርኩ።

እናቴ ስታርፍ አባቴ አላለቀሱም። አስተዛዛኙ ሁሉ ሲያነባ እሳቸው በደረቅ ዓይን እንግዳ ተቀበሉ። «እኔ ካለቀስኩ ልጆቼን ማን ያባብላል» አሉ አሉ። እንደ ወጉ ቴሌቪዥኑ ተዘጋ፤ የእናቴንም ነጠላ አለበሱት። አርባዋ ወጣ፣ ነጠላው ግን አልተነሳም። ስደውል «ደኅና ነኝ» ብቻ ነው መልሳቸው። ምግቡን እንደነበር እንደሚመልሱ ከጎረቤት ሰማሁ። ያልወጣ እንባ ሰውን ከውስጥ ይበላዋል ይባላል፤ እኔም ስለማምን ፈራሁላቸው።

ከወልድያ ስታዲየም ጨዋታ እንደምናስተላልፍ ሳውቅ እንዲመጡ ለመንኳቸው። «ሐዘን ላይ ያለ ሰው ኳስ ሜዳ ምን ይሠራል?» ብለው እምቢ አሉ። የተሸነፉት «ሥራዬን አንድ ቀን እንኳ መጥተው አላዩልኝም» ስላቸው ነው። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው በሚኒባስ መጡ። ጥላ ያለበት ቦታ ባዘጋጅላቸውም «ሕዝቡ ጋ ይሻለኛል» ብለው ፀሐዩ ላይ ተቀመጡ።

የስርጭት መኪናችን ውስጧ ጠባብ ነው። የየካሜራው ምስል ፊቴ ተደርድሯል። አንደኛው ካሜራ ከላይ ሆኖ ሜዳውን በሙሉ ያሳያል፤ ሁለተኛው ተጫዋቹን ይከተላል፤ ሦስተኛው ከመስመሩ ዳር ሆኖ ፊት ይፈልጋል። እኔ ቁጥር እጠራለሁ፣ ባልደረባዬ ቁልፉን ይጫናል፣ አገር ያያል።

ከዕረፍት መልስ የወልድያ ልጆች አገቡ። የተለመደውን ጠራሁ፤ አግቢውን፣ ከዚያ አሰልጣኙን። «ሦስት፣ የተመልካች ፊት ስጠኝ» አልኩ። ሦስተኛው ካሜራ ሕዝቡን አሰሰ፤ አንድ ሰው ላይ ቆመና ተጠጋ። አባቴ ናቸው።

ሕዝቡ ተነሥቶ ይጨፍራል። እሳቸው ግን እንደተቀመጡ፣ ከጎናቸው ባዶ ወደቀረው ቦታ ዞረው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ግብ በገባ ቁጥር ወደ እናቴ ነበር የሚዞሩት። ቦታውን አዩት፤ አፋቸውን መልሰው ገጠሙት፤ ከዚያ እንባቸው ወረደ።

«አየሽልኝ?» አለ ካሜራማኑ በጆሮ ማዳመጫዬ። አባቴ መሆናቸውን አያውቅም። «እንዲህ ያለ ፊት ከየት ይገኛል፤ ውሰጂው።»

የዕለቱ ምርጥ ምስል እንደነበር አልክድም። የእናቴ «ሰው አሳዩን» ጆሮዬ ላይ ነው። የባልደረባዬ ጣት ቁልፉ ላይ ነው። መርሳ ላይ ጎረቤቱ ተሰብስቦ እያየ ነው። ከልጆቻቸው የሸሸጉትን እንባ ለአገር ማሳየት ግን አልሆነልኝም።

«አንድ» አልኩ። ሜዳው ወጣ፤ ሣር ብቻ።

«ልልቀቃቸው?» አለ ካሜራማኑ።

«ባሉበት ያዝልኝ» አልኩት። ለእኔ ብቻ እንዲያሳየኝ ነው።

በሌላው ጎናቸው የእንግዳውን ቡድን ማሊያ የለበሰ ጎልማሳ ነበር። ግብ ስለገባባቸው እሱም አልተነሣም። አባቴን ዘወር ብሎ አያቸውና ለፀሐይ የያዘውን ጥላ ዝቅ አድርጎ ፊታቸውን ከለለላቸው። ካሜራማኑ «ጥላው ጋረደብኝ» ብሎ ተነጫነጨ። ከጥላው ሥር ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እኔም እያለቀስኩ ቁጥሬን ጠራሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ። ያን ሰው አላውቀውም፤ ባለበት እግዜር ይስጠው።

ከጨዋታው በኋላ አብረን ወደ መርሳ ወረድን። ሲሪንቃን ስናልፍ አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «ካሜራው ወደኔ ዞሮ ነበር። አሳየሽኝ?» አሉ።

«አላሳየሁዎትም፣ አባባ።»

«አንቺ ግን አይተሽኛል።»

«አይቻለሁ።»

ከመስኮቱ ወደኔ ዞሩ። «ደግ አደረግሽ። እናትሽ ብትኖር ግን ታኮርፍሽ ነበር፤ ባሏ ቴሌቪዥን ላይ ሊወጣ ደርሶ ስታስቀሪባት» አሉና ሳቁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሲስቁ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤት እንደገባን ኮታቸውን ሳያወልቁ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱ። ነጠላውን አንሥተው በቀስታ አጣጠፉትና ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ ከጎናቸው ያለውን የእናቴን ቦታ በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ ጠሩኝ።

«ነይ ክፈቺው» አሉኝ። «እስቲ ሰው እንይ።»